ከባድ ሞተር ይዞ ከሀዋሳ ወደ ሲዳማ ደጋ፦ የዳገት፣ የቁልቁለትና የፒስታ አነዳድ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ሀዋሳ ከተማ ውስጥ እንደልቤ እነዳለሁ። ከይርጋለም አልፌ ወደ አለታ ወንዶና ሀገረ ሰላም ሽቅብ ስያያዘው ግን ሞተሩ እምቢ ይለኛል። መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ይወስደኛል፣ ቁልቁለት ላይ ይገፋኛል። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?»

አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ መዘግየት ነው። ባለ 125 ሲሲ ሞተር ከ110 እስከ 130 ኪሎ ትመዝናለች፤ ብትንሸራተት በእግር ትደገፋለች፣ መታጠፊያ መሀል ፍሬን ቢይዙባትም ትታገሳለች። ከከባዶቹ ሞተሮች ያማሃ ቴኔሬ 700 ግን ከነነዳጁ 204 ኪሎ፣ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን 1100 ደግሞ 226 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ክብደት መውደቅ ከጀመረ በኋላ በእግር የሚያቆም ሰው የለም። ስለዚህ ማርሹም፣ ፍሬኑም፣ ዓይናችሁም ሥራቸውን ከመታጠፊያው በፊት መጨረስ አለባቸው። ያኔ መታጠፊያው ውስጥ የሚቀራችሁ ማዘንበልና ነዳጅ መስጠት ብቻ ነው፤ ሰው እሑድ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ ዳገት ለዳገት የሚንከራተትለት ደስታ ያለውም እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

መመሪያው 400 ሲሲና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ አስፋልትና ፒስታ ለሚችሉ ሞተሮች ነው። መንጃ ፈቃድ ያላችሁና ከተማ ውስጥ ቢያንስ ጥቂት ወራት የነዳችሁ እንደሆናችሁ ታስቦ ተጽፏል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለነጂው፦
- አገጭን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት። መስታወቱ የተቧጨረ ከሆነ ቀይሩት፤ ማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ጭረቱ መንገዱን ይጋርዳል።
- ሙሉ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ ጫማ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ
- የዝናብ ልብስና አንድ ሹራብ። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከ2,700 በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ንፋሱ ሲጨመር ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይመጥንም።
- 2 ሊትር ውሃ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር

ለሞተሩ፦
- የራሳችሁ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ትንሽ ኮምፕሬሰር ወይም የእግር ፓምፕ
- ጎማው ቱብለስ ከሆነ የቀዳዳ መድፈኛ ዕቃ። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ አንድ ትርፍ የፊት የውስጥ ጎማ (ሲቸግር ለኋላውም ያገለግላል፣ የኋላው ግን ለፊቱ አይሆንም) እና ሁለት የጎማ ማንሻ ብረት
- የፊትና የኋላ ጎማ ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሽቦ፣ ፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ሰፊ ፕላስተር
- ትርፍ የፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን እጀታ። ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው፣ አለታ ወንዶ ላይ ደግሞ ለከባድ ሞተር የሚሆን አይገኝም።
- 5 ሜትር ጠንካራ ገመድ
- መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ

ደረጃ 1፦ ጎማውን አስተካክሉ

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አየሩ ይሞቅና መለኪያው ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያንን አይቶ የሚያስተነፍስ ሰው ጎማውን ከሚገባው በታች ያደርገዋል። ለአስፋልት ፋብሪካው የሚለውን ያዙ፤ ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ ለአንዳንድ ትላልቅ ሞተሮች ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ ነው። ረጅም ፒስታ ስትገቡ ፊቱን ወደ 28–30፣ ኋላውን ወደ 30–32 አውርዱ። ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩን ዋጥ ያደርገዋል፣ መሬቱንም በሰፊው ይይዛል፤ ጠንካራው ግን ከጠጠሩ ላይ እየዘለለ ይንሸራተታል።

ከ25 በታች አትውረዱ። በዚህ ክብደት አንድ ሹል ድንጋይ ጎማውን ተጭኖ ቸርኬውን ይመታዋል። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ደግሞ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ላይ ይቀደዳል።

ደጋው ላይ ደርሳችሁ ብትለኩ ቁጥሩ በትንሹ ተለውጦ ታገኙት ይሆናል። አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ከዚያ ላይ አንዷን ይመልሳል። አትነካኩት።

ደረጃ 2፦ ካቴናና ፍሬን

ሞተሩን አቁማችሁ የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉ። የሚለካው እዚያ ቦታ ላይ፣ በታችኛው መስመር መሀል ላይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ አብዛኞቹ ሞተሮች ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ወይም ካቴናው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከተወጠረ ጉድጓድ ላይ ሞላው ሲጨመቅ ካቴናው የካምቢዮውን ኩሽኔታ እየጎተተ ይበላዋል። ከላላ ደግሞ መታጠፊያ ውስጥ ነዳጅ መልሳችሁ ስትሰጡ ገጭ ያደርጋችኋል፤ ያቺ ገጭታ ጠጠር ላይ የኋላውን ጎማ ለማንሸራተት ትበቃለች።

የፍሬን ሸራ ከ2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ሳትወጡ ቀይሩ። የፍሬን ዘይት ሁለት ዓመት ካለፈውም እንዲሁ። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት የጠጣው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከሀገረ ሰላም በፍሬን ብቻ እያቆሙ የሚወርድ ሰው ያንን ሙቀት አያጣውም፤ ዘይቱ ሲፈላ እጀታው ባዶ ሆኖ እስከ መሪው ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ጭነት

ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ መሀል። ኋላ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ሻንጣ ከጫናችሁ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ትእዛዝ አይቀበልም። ሰው ከኋላ ከጫናችሁ የኋላውን ሞላ ማጥበቂያ በመጽሐፉ መሠረት አጥብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን ብቻውን ቢሄድ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ሰዓትና ነዳጅ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሀዋሳ ውጡ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ወደ ዋናው አስፋልት ተመለሱ። በዝናብ ወራት ደጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀዩ አፈር ደግሞ ከረጠበ በኋላ ሌላ መንገድ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከብቱ ከግጦሽ ይመለሳል፤ መብራት የሌለው ጋሪም መንገድ ላይ ይኖራል።

ከመውጣታችሁ በፊት መናኸሪያ ጎራ ብላችሁ ከዚያ መስመር የመጣ ሹፌር ጠይቁ። የት ጋ እየተቆፈረ እንደሆነ፣ የት ጋ ትናንት እንደዘነበ ከእሱ የተሻለ የሚነግራችሁ ካርታ የለም።

ነዳጁን እንዲህ አስቡት፦ ሀገረ ሰላም ደርሶ መልስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ያዙ፤ 11 ሊትር ይሆናል። 4 ሊትር ለመጠባበቂያ ጨምሩና ሀዋሳ ላይ 15 ሊትር ይዛችሁ ውጡ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ለመግዛት ከተገደዳችሁ ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድታችሁ 5 ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ንጹሕ ከሆነም በጨርቅ አጥልሉት።

ከፍ ስትሉ ሞተሩ ቢደክም አትደንግጡ። በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጩት ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ካርቡራተር ያላቸው ግን ነዳጅ ይበዛባቸዋል፣ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ምልክቱ ነው።

ደረጃ 5፦ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት

ዳገት ላይ የሚማር ሰው የሚማረው በመውደቅ ነው። ተሽከርካሪ የማይበዛበት ሜዳማ ፒስታ ፈልጉና ሦስት ነገር ተለማመዱ።

አንደኛ፣ በእርምጃ ፍጥነት መሄድ። በመጀመሪያ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቃችሁ፣ ነዳጁን ሳታወዛውዙ፣ ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን ብቻ መጥኑ። መሪውን ሙሉ አዙራችሁ ስምንት ቁጥር መሥራት እስክትችሉ ድገሙት። ሁለተኛ፣ መሪ መግፋት። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄዱ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ በቀስታ ወደ ፊት ግፉት፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሲነገር ግራ ያጋባል፣ አንዴ እጅ ሲለምደው ግን 220 ኪሎው በሁለት ጣት ይታዘዛል። ገላን ብቻ በማዘንበል ከባድ ሞተርን ለማዞር መሞከር አህያ በጆሮ እንደመጎተት ነው።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። ከ40 ኪሎ ሜትር ተነስታችሁ ጠጠር ላይ አሥር ጊዜ አቁሙ። ሁለት ጣት የፊት ፍሬን ላይ፣ ቀስ ብሎ ከመጭመቅ ጀምሮ እየጨመሩ፤ ድንገት መጨበጥ የለም። ርቀቱን በእርምጃ ለኩት። ጠጠር ላይ በጥሩ እጅ ከ40 ኪሎ ሜትር ለመቆም 15 ሜትር ያህል፣ ከ60 ደግሞ 34 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። አደጋውን አይቶ እጅ ፍሬኑ ጋ እስኪደርስ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት 26 እና 51 ሜትር ይሆናል። ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ጨምራችሁ የመቆሚያው ርቀት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ደረጃ 6፦ መታጠፊያ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ ቦታ መያዝ፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ማርሽ፣ ማየት፣ ማዘንበል፣ ነዳጅ።

ወደ ግራ የሚዞር፣ ማዶው የማይታይ ኩርባ አስቡ። በስተቀኝ የእንሰት አጥር፣ በስተግራ የተቆረጠ የቀይ አፈር ግድግዳ፣ መንገዱ ከግድግዳው ኋላ ይጠፋል። ኩርባው ከመድረሱ 50 ሜትር በፊት በቀኝ በኩል ያለውን የመኪና ጎማ መስመር ያዙ። ጠርዙን ግን አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የሚጠራቀመው ልቅ ጠጠር ነው። ሞተሩ ቀጥ እንዳለ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። እዚህ ላይ ፍጥነታችሁ «ትንሽ በዛ ቀነስኩት» የሚያሰኝ መሆን አለበት። አሁን አገጫችሁን ወደ ግራ ትከሻችሁ አዙሩና የመንገዱ ሁለት ጠርዞች የሚገናኙ የሚመስሉበትን ነጥብ ፈልጉ። የግራውን እጀታ ግፉ። ሞተሩ ሲያዘነብል ነዳጁን እንደ ክር በቀጭኑ ስጡ፣ አታቋርጡት። ነዳጅ ሲሰጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፣ ሞላው ይረጋል፣ ፊቱ ሸክሙ ይቀልለታል።

ያ ነጥብ ይነግራችኋል። እናንተ ስትቀርቡ እሱም ከሸሸ ኩርባው እየተከፈተ ነው፣ ነዳጅ ጨምሩ። ከእናንተ ያለው ርቀት ካልተለወጠ ፍጥነታችሁን እንዳለ ያዙ። ወደ እናንተ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነው፤ አሁንም ትንሽ ቀንሱ፣ በኋላ ፍሬን፣ በቀስታ።

ግራ ኩርባ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጎማችሁ በራሳችሁ በኩል ቢሆንም ስታዘነብሉ ጭንቅላታችሁ የመሀሉን መስመር አልፎ ይወጣል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ደግሞ ኩርባውን አሳጥሮ የሚቆርጥ ነው። ለዚህ ነው ወደ ቀኝ የምትጠጉት። ቀኝ ኩርባ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ወደ መሀል ጠጋ ማለት ማዶውን አስቀድሞ ያሳያል፣ ግን ከመሀሉ መስመር ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የውድድር ሜዳ ላይ እንደሚታየው ከውጭ ገብቶ ውስጡን ነክቶ ወደ ውጭ መውጣት እዚህ መንገድ ላይ አይሠራም። ወደ ውጭ የምትወጡበት ቦታ የሌላው ሰው መንገድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መታጠፊያ መሀል በፍርሃት የፊት ፍሬን አትጨብጡ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጠጠር ከሆነ ደግሞ የፊቱ ጎማ ተቆልፎ ከሥር ይወጣል። ፍጥነት ከበዛባችሁ የሚያድናችሁ ወደ መውጫው ማየትና እጀታውን ይበልጥ መግፋት ነው። ወደ ገደሉ የሚያይ ሰው ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ እጅ ዓይንን ይከተላል።

ደረጃ 7፦ ዳገት

ማርሹን እግረ ዳገቱ ላይ ምረጡ። ገደላማ ፒስታ ለአብዛኛው ከባድ ሞተር የሁለተኛ ማርሽ ሥራ ነው፤ በመጀመሪያ ከገባችሁ ጉልበቱ ይበዛና የኋላው ጎማ ይቦርቃል። መርገጫው ላይ ቁሙ፣ ደረታችሁን ወደ መሪው አስጠጉ፣ በጉልበታችሁ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ያዙ፣ እጆቻችሁ ግን ልል ይሁኑ። መሀል ላይ ነዳጅ ማቋረጥ የለም። ኋላው ትንሽ ቢወዛወዝ ተዉት።

ፍሪሲዮን እያንሸራተቱ ረጅም ዳገት መውጣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና 15 ደቂቃ አቀዝቅዙት።

መሀል ዳገት ላይ ኢንጂኑ ቢጠፋስ? አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የፊት ፍሬን ብቻውን አይይዝም፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ የፊቱ ጎማ ተቆልፎም ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይወርዳል። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ኢንጂኑ ከጠፋ አታስነሱት፤ ማርሹ እንደገባ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። የኋላው ጎማ በካምቢዮው ይያዛል፣ እንደ እጅ ፍሬን።
ለ. ከፍ ባለው የመሬቱ በኩል ያለውን እግር ብቻ አውርዱ። ዝቅ ባለው በኩል ያወረደ እግር መሬት አያገኝም።
ሐ. ተነፍሱ። ቀጥሎ የሚመጣውን ድንጋይ እዩ።
መ. ለመመለስ ከሆነ መሪውን አዙሩ፣ ሞተሩን ወደ ዳገቱ በኩል አጋድሙ፣ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየያዛችሁና እየለቀቃችሁ ወደ ኋላ አውርዱት። መንገዱን አቋርጦ ሲቆም ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ መልሱ።

ደረጃ 8፦ ቁልቁለት

መውጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ መውረድ ግን ትዕግሥት። በወጣችሁበት ማርሽ ወይም በአንድ ዝቅ ባለ ውረዱ። ኢንጂኑ ራሱ ይይዛችኋል፣ ፍሬኑ ደግሞ ለመታጠፊያው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይላችኋል። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ፣ ክርናችሁን አትቆልፉ። የኋላ ፍሬን በተከታታይ በቀስታ፣ የፊቱ በሁለት ጣት እየጨመረ፣ ቀጥ ባለ ቦታ ብቻ።

ሞተራችሁ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ካለውና የኋላውን ለብቻ ማጥፋት ከቻለ ገደላማ ልቅ ጠጠር ላይ የኋላውን አጥፉ፣ የፊቱን ተዉት። ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤሱ እየለቀቀ ስለሚይዝ ሞተሩ አልቆምም ያለ ይመስላል። አስፋልት ስትደርሱ መልሱት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ብዙ ነው። ትርፉ ዜሮ ነው። ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ነዳጁን ጨርሶ ይቆርጡታል፤ በፎሌ ግን ኢንጂኑ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ማለትም በፎሌ የሚወርደው ሰው ነዳጅም ፍሬንም እየጨረሰ ነው።

ደረጃ 9፦ ጠጠር፣ ጭቃ፣ አቧራ፣ ውሃ

ጠጠር ላይ የፊቱ ጎማ ይንቀጠቀጣል፣ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ይፈልግ። መሪውን አንቆ የያዘ ሰው ያንን መንቀጥቀጥ ወደ ትልቅ መወዛወዝ ይለውጠዋል። መርገጫው ላይ ቆሞ በእግር ማዞር፣ ነዳጁን ማርጋት።

ቀይ ጭቃ ጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሲሞላ ጎማው ለስላሳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ያለውም የሌለውም አንድ ነው። ከባድ ሞተር ይዛችሁ እየዘነበ ቁልቁል ጭቃ አትግቡ። አንድ ቡና ቤት ገብታችሁ ሰዓቱን አሳልፉ፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሁለት ሰዓት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የመኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ከገባችሁ ዓይናችሁ ቦዩ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ጎማችሁ ላይ አይደለም።

ከሲኖትራክ ኋላ አቧራ ውስጥ ከገባችሁ አትቅደሙ። ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ስጡት።

ወንዝ ከሆነ መጀመሪያ በእግራችሁ ተሻገሩት። ውሃው ከጎማው መሀል ዘንግ በላይ ከሆነ ተመለሱ። ከታች ከሆነ በመጀመሪያ ማርሽ፣ በማይቋረጥ ነዳጅ። ስትወጡ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ እየያዛችሁ አድርቁት።

ደረጃ 10፦ መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም

ላም ከተሻገረች ጥጃዋ አልተሻገረም ማለት ነው፤ ጠብቁ። አህያ በጥሩምባ አይነቃነቅም፣ ፈረስ ደግሞ ይደነብራል፤ ለሁለቱም መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስ ነው። እረኛ ልጅ ካያችሁ ከብቱ የት እንደሚሄድ እሱን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በበትሩ ያሳያችኋል።

የቡና ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ መንገዱ በጭነት መኪና ይሞላል። የጫት መኪና ሰዓት ስለሚሽቀዳደም ከኋላችሁ በመስታወት ስታዩት ቀኝ ይዛችሁ አሳልፉት። ከእሱ ጋር ውድድር የለም።

ደረጃ 11፦ የወደቀ ሞተር ማንሳት

ይወድቃል። ዋናው ነገር ሲያነሱት ወገብ አለመቀጨት ነው።

መጀመሪያ ኢንጂኑን አጥፉ፣ ቤንዚን ካፈሰሰ ከመጠጋታችሁ በፊት አየር እንዲያገኘው ጠብቁ። ዳገት ላይ ጎማዎቹ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ሆኖ ከወደቀ እንዳለ አታንሱት፤ መሬት ላይ እንደተኛ እየጎተታችሁ ጎማዎቹ ወደ ታች እስኪዞሩ አሽከርክሩት፣ ያኔ ሥራው ግማሽ ይሆናል። በቀኙ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ማርሽም አስገቡ፤ አለዚያ ያነሳችሁት ሞተር በሌላው ጎን ይወድቃል።

ከዚያ መሪውን ወደ መሬት በኩል ሙሉ አዙሩ። ጀርባችሁን ለሞተሩ ሰጥታችሁ ቂጣችሁን መቀመጫው ጠርዝ ላይ አስደግፉ። አንድ እጅ ከታች ያለው የመሪ እጀታ ላይ፣ ሌላው ኋላ የዕቃ መጫኛው ብረት ላይ። ጀርባ ቀጥ፣ ጉልበት በርከክ፣ ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ተነሱ። የሚያነሳው እግር ነው። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ አላፊ አግዳሚ ጥሩ፤ እዚያ አገር ሰው ለመርዳት አይቸገርም።

ከማስነሳታችሁ በፊት እጀታዎቹን፣ የእግር ፍሬኑንና የማርሽ መርገጫውን እዩ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ መመለሱን ፈትሹ። ማርሚታው የነካው እግር ካለ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ሰው ከተጎዳ ሄልሜቱን በግድ አታውልቁ፣ አንገቱን አታንቀሳቅሱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ በዚህ መስመር ይርጋለም ላይ ሆስፒታል አለ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- አራት ጣት ፍሬን ላይ መጫን። ሲደነግጡ አራቱም አንድ ላይ ይጨብጣሉ። ሁለት ይበቃል።
- ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ። የኢንጂኑ መያዝ ይጠፋል፣ 220 ኪሎ ይለቀቃል።
- ፈጣን ጓደኛን መከተል። እሱ የሚያየውን ነጥብ እናንተ አታዩትም፤ የምታዩት የኋላ መብራቱን ነው።
- መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ጉድጓድ መግባት። ድንጋጤው በወገብ በኩል ያልፋል፣ ሞተሩም ይዘላል።
- ፒስታ ላይ የወረደውን ንፋስ ሳይመልሱ አስፋልት ላይ 100 መንዳት። የላላ ጎማ በፍጥነት ይሞቃል፣ መታጠፊያ ላይም ይዋልላል።

ደረጃ 12፦ ስትመለሱ

አስፋልቱ ጋ ስትደርሱ ኮምፕሬሰሩን አውጡና ንፋሱን ሙሉ፤ ጎማው ስለሞቀ ከተለመደው 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ከፍ አድርጉትና ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ መልሳችሁ ለኩ። ሀዋሳ ገብታችሁ ላቫጆ ስትወስዱት አጣቢው የግፊት ውሃውን ቀጥታ ጎማው መሀል ኩሽኔታ ላይና ራዲያተሩ ላይ እንዳያዞር ንገሩት፤ ግፊቱ ግሪሱን ያወጣል፣ የራዲያተሩን ቀጭን ክንፎችም ያጣምማል። ጭቃው ከወጣ በኋላ ካቴናው ገና ለብ እንዳለ ዘይት ቀቡት፣ ሲሞቅ ዘይቱ ውስጥ ድረስ ይገባል። በመጨረሻም ብሎንና ዳዶውን አንድ በአንድ በእጅ ነካ ነካ አድርጉ፣ በተለይ የመስታወቱንና የዕቃ መጫኛውን፤ ኮረኮንች መጀመሪያ የሚያላላው እነሱን ነው።